«ስድስት ሰዓት አራርቂው» ያሉኝ ሌሊት

ትራኒልሳይፕሮሚን የሚባል የድብርት መድኃኒት እወስዳለሁ። የገበያ ስሙ ፓርኔት ነው። ኤምኤኦአይ ከሚባሉት የቆዩ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች አያዝዙትም። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል ነው የሚመጣው፤ ለእኔም የመጣው እንደዚያ ነው። ከአልጋ ያነሳኝና ወደ ሥራ የመለሰኝ እሱ ስለሆነ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒቱን እንድትፈሩት አልፈልግም። የምጽፈው ሲጀመር ማንም በግልጽ ያልነገረኝ አንድ ነገር ስላለ ነው። ኋላ ላይ የሰፈሬ ፋርማሲስት ባያስረዳኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ላልጽፍ እችል ነበር።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልጨርስ።

ከዚህ በፊት የምወስደው ፍሉኦክሰቲን ነበር፤ ብዙ ሰው ፕሮዛክ የሚለው። እሱን ካቆሙ በኋላ ኤምኤኦአይ ለመጀመር 5 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው፤ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ለአብዛኞቹ ሌሎች የድብርት መድኃኒቶች 2 ሳምንት ይበቃል። ያ ጊዜ ያለ መድኃኒት የሚታለፍ ስለሆነ ብቻችሁን አትሁኑ። እኔ እህቴ ቤት ገብቼ ነው ያሳለፍኩት።

የመዋጫ ሰዓቱን ሰውነቴ ራሱ አስተማረኝ። ይህ መድኃኒት ያነቃል። ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ ከፋፍዬ እውጠዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከዘገየሁ ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል። የረሳሁትን ማታ አልተካም፤ ሁለቱን ባንዴ መዋጥማ በፍጹም። ቤት ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ ይኑራችሁ። ከመዋጣችሁ በፊትና ከዋጣችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ፤ ክኒኑ ራሱ በዚያ ሰዓት ግፊቱን ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቁጭ ብላችሁም ቆማችሁም ለኩ፤ ብድግ ሲሉ ግፊት ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ቅዳሴ ቆሜ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር። አሁን ወንበር አጠገብ እቆማለሁ፣ ሲያዞረኝ ሳላፍር እቀመጣለሁ። የጾሙን ነገር የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ «መድኃኒትሽን በሰዓቱ በውኃ ዋጪ» ብለው ፈቀዱልኝ።

ስለ ምግብ የሚሰጡት ወረቀት አናደደኝ። አይብ የሚባል ሁሉ ክልክል፣ ባቄላ የሚባል ሁሉ ክልክል ይላል። ጉዳዩ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ምግብ ሲቆይና ሲብላላ ይበዛል፤ በዚህ መድኃኒት ላይ ሲጨመር የደም ግፊትን ባንድ ጊዜ ሽቅብ ይሰድደዋል። እንግዲህ ችግሩ የቆየው ነው። ትኩስ አይብ እበላለሁ፤ የከረመውን አልነካም። ስልጆ ትቻለሁ። ቋንጣም ትቻለሁ። ጠላ ለዝክርም ቢሆን አልቀምስም፤ የድራፍት ቢራም እንደዚያው። ከባቄላ የሚፈራው በተለይ እሸቱን ከነሽፋኑ መብላት ነው። ቡናን አልተውኩም፤ አቦሉን ለሌሎች ትቼ ቶናና በረካ ላይ እቀላቀላለሁ። ወረቀቱ ሁሉንም በጅምላ ስለሚከለክል ሰው በምግብ ፍርሃት ተውጦ ዋናውን አደጋ ይረሳዋል። ዋናው አደጋ ሌላ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ።

የኩላሊት ጠጠር ያዘኝ። ያየው ያውቀዋል፤ መቀመጥም መተኛትም አይቻልም። እህቴ በመኪናዋ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ አደረሰችኝ። መቀበያው ላይ የመድኃኒቴን ስም ፊደል በፊደል ነገርኳት። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለገችው፣ አላገኘችውም፣ «የድብርት መድኃኒት» ብላ ጻፈችና አለፈች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ኮምፒውተሩ የሚያስጠነቅቀው ስሙ በትክክል ሲገባ ብቻ ነው። «የድብርት መድኃኒት» የሚለው ለማሽኑ ምንም ማለት አይደለም።

ሐኪሙ መጣ። በደም ሥር ኬቶሮላክ ሰጠኝ። እሱ ከመድኃኒቴ ጋር ስለማይጋጭ ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤ ሕመሙም ቀለለልኝ። ከዚያ ወደ ቤት የምወስደውን ማዘዣ ይዞ ተመለሰ። ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ።

«ትራማዶል መውሰድ አልችልም፤ ፓርኔት ላይ ነኝ» አልኩት።

ክኒኑን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደዋጥኩ ጠየቀኝ። እኩለ ቀን ላይ አልኩት። ሰዓቱን አየ፣ አሰበ፣ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ከደምሽ ወጥቷል፤ የነገ ጠዋቱን ዝለዪና ትራማዶሉን ውሰጂ። ስድስት ሰዓት አራርቂው፣ ከዚያ ወደ ክኒንሽ ተመለሺ» አለኝ።

ይህን ያለኝ በሙሉ እርግጠኝነት ነው። ልጁን በዕለቱ ሳየው ቸኩሎም ደክሞም ነበር፤ ይገባኛል። የማይገባኝ እርግጠኝነቱ ነው።

ስሌቱ እኮ ልክ ነው። ትራኒልሳይፕሮሚን ከደም ውስጥ ቶሎ ነው የሚወጣው፤ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን መድኃኒቱ መውጣቱ ምንም አይለውጥም። ሰውነታችን ውስጥ ሴሮቶኒንን፣ ኖራድሬናሊንንና ታይራሚንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ትራኒልሳይፕሮሚንና ፌነልዚን የሚባለው ሌላው ኤምኤኦአይ ይህን ኢንዛይም ለጊዜው አይደለም የሚያስቆሙት፤ እስከወዲያኛው ነው የሚያበላሹት። ጓጉንቸር ውስጥ ቁልፍ ሰብሮ እንደመሄድ ነው። የሰበረው ሰው ሄደ ተብሎ በሩ አይከፈትም፤ ጓጉንቸሩ መቀየር አለበት። ሰውነትም አዲስ ኢንዛይም መሥራት አለበት፤ ይህ ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በሰዓት ማራራቅ የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ስድስት ሰዓትም ሆነ ሁለት ቀን ልዩነት የለውም።

ትራማዶል ደግሞ ሕመም ማስታገሱ ብቻ አይደለም፤ ሴሮቶኒንን ይጨምራል። የሚሰባብረው ኢንዛይም በሌለበት ሰው ላይ ሲጨመር ሴሮቶኒን ሲንድሮም የሚባለውን ያመጣል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ ሲብስም ሞት። ይህን ሁሉ የሰፈሬ ፋርማሲስት ቀደም ብሎ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረድቶኝ ነበር። እኔም ለሐኪሙ በተረዳሁት መጠን ነገርኩት። አልሰማኝም።

«የሆስፒታሉን ፋርማሲስት ደውላችሁ ጠይቁልኝ» አልኩ። ሌሊት መሆኑን ነገረኝ። ግጭት ቢኖር ኮምፒውተሩ ያሳየው ነበር አለኝ። ቀጥሎ አንድ ወረቀት አምጥቶ ሕክምና አልቀበልም ብዬ እንድፈርም ጠየቀኝ። አልፈርምም አልኩ። ሕክምናማ ፈልጌ ነው የመጣሁት! አልቀበልም ያልኩት አንድ መድኃኒት ነው። እህቴ ጎኔ ቆማ «ተይ በቃ፣ እሱ አይሻልሽም?» ትለኛለች። ለእሷም ለሐኪሙም ባንዴ መከራከር ነበረብኝ፤ ሕመሙ ደግሞ ተመልሶ እየመጣ ነው።

ያዳነችኝ ነርሷ ናት። የአገሬ ልጅ ነበረች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባችና በአማርኛ «እህቴ አይዞሽ፣ የመድኃኒቱን ስም እስቲ ለእኔ ንገሪኝ» አለች። በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈችውና ወጣች። ወዲያው የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ራሷ ደወለች። ለሐኪሙ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ተመልሶ መጣ፣ ትራማዶሉን ሰርዞ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ጻፈልኝ። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ።

ቤት ደርሼ የመውጫ ወረቀቱን ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። «ታካሚዋ ጠንካራ ማስታገሻ መውሰድ አልፈለገችም» ይላል። አልፈለገችም! አደጋ ሆኖ ሳለ የእኔ ምርጫ ተደርጎ ተመዘገበ። ቀጥሎ እዚያው የሚገባ ኤምኤኦአይ የሚወስድ ሰው ያው ስህተት ይጠብቀዋል። ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስለ አስተያየትሽ እናመሰግናለን የሚል የተዘጋጀ መልስ መጣ። ያኔ ነው ሌላ መንገድ እንዳለ የተረዳሁት። አሜሪካ ውስጥ ሂፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት የሕክምና መዝገባችሁ እንዲታረም በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ጠየቅኩ፣ ታረመ። ዛሬ እዚያ መዝገብ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ትራማዶልም ክልክል መሆኑ ተጽፏል። በዚህ እኮራለሁ።

ይህ አደጋ አዲስ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ገባች። የምትወስደው ፌነልዚን ነበር፤ እንደ ፓርኔት ያለ ኤምኤኦአይ። ፔቲዲን የሚባል ማስታገሻ ተወጋች፣ በሰዓታት ውስጥ አረፈች። ስለ አሟሟቷ በፍርድ ቤት ብዙ ክርክር ተደርጓል። ከዚያ በኋላ የኒውዮርክ ግዛት ተለማማጅ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደነገገ። መልካም ነው። ሰው ሲያስታውሳት ግን የሐኪሞቹን ድካም ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ሁለቱን መድኃኒቶች የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ፋርማሲስት ጠይቁ የምለውም በነርሷ ውለታ ብቻ አይደለም። የአይቡን ነገር እንኳ ቀድሞ ያስተዋለው ፋርማሲስት ነው። ኖቲንግሃም፣ እንግሊዝ ውስጥ የሚሠራ ፋርማሲስት፣ ሚስቱ ይህን መድኃኒት እየወሰደች አይብ በበላች ቁጥር ራሷን ክፉኛ እንደሚያማት አየና ባሪ ብላክዌል ለሚባል ወጣት ሐኪም ጻፈለት። ብላክዌል መጀመሪያ ብዙም ቁም ነገር አላደረገውም። በኋላ ግን ተከታትሎ በ1963 እ.ኤ.አ. አሳተመው።

እንግዲህ ከእኔ የምትወስዱት ይህ ነው። መድኃኒት ሁሉ ከአንድ ፋርማሲ ግዙ፤ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትበታትኑት። የሳል ሽሮፕ ስታዩ ዴክስትሮሜቶርፋን የሚል ካለበት መልሱት። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪንም ግፊት ይሰቅላል። ለማይግሬን የሚሰጠው ሱማትሪፕታን አይሆንም። ሊኔዞሊድ የሚባለው አንቲባዮቲክ ራሱ ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያግድ አይደረብም። ጫት የምትቅሙ ካላችሁ፣ በዚህ መድኃኒት ላይ ሳላችሁ ተዉት። ውስጡ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ነው የሚሠራው፤ ከዚህ መድኃኒት ጋር ሰው ሊገድል ይችላል። ከኋላ ጭንቅላታችሁ የሚመታ ድንገተኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተርና የልብ ድለቃ ከመጣ ግፊታችሁን ለክታችሁ ወዲያው ኢመርጀንሲ ሂዱ እንጂ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

አዲስ አበባ ስሄድ ለቆይታዬ የሚበቃና የሚተርፍ ክኒን በእጅ ሻንጣዬ እይዛለሁ። እዚያ በብዛት የሚታወቁት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው፤ የእኔን አገኛለሁ ብዬ አልተማመንም። ሁለቱም ደግሞ ከእኔው ጋር የሚጋጩ ናቸው፤ ክኒኔ ቢያልቅ «ያው የድብርት መድኃኒት ነው» ተብሎ በእነሱ አይተካም። ዘመድ «ጸበል እስክትጨርሺ ተዪው» ሲለኝ ጸበሉንም ክኒኑንም አብሬ እወስዳለሁ። ይህን መድኃኒት ባንዴ ማቆም ራሱ ያሳምማል።

ቦርሳዬ ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ አለ። የመድኃኒቱ ስም፣ የፋርማሲስቴ ስልክ፣ ትራማዶልና ፔቲዲን ክልክል፣ «በሰዓት ማራራቅ አይሠራም» የሚል መስመር። ለእህቴም አንድ ቅጂ ሰጥቻታለሁ፤ እኔ መናገር ባልችል የምትናገረው እሷ ናት። አንድ ቀን ሐኪሜ መድኃኒቱን ቢያስቆመኝ እንኳ ካርዱ ከመጨረሻዋ ክኒን በኋላ ለሁለት ሳምንት ከቦርሳዬ አይወጣም።