ጭብጥ ያልተያዘለት ክርክር

«አንቀጽ 39 በዓለም ላይ የትም የለም፤ ማንም ብሔር ነገ ተነስቶ ሊገነጠል ይችላል፤ ስለዚህ ይሰረዝ።»

አንቀጽ 39 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለብሔሮች እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት የሰጠበት ነው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ፖለቲካ የተከራከረ ሁሉ ይህችን ንግግር ሰምቷታል። የተለመደው መልስም ይታወቃል። አንዱ «አሃዳዊ!» ይላል፣ ያኛው «ጎሰኛ!» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚወራው ሁሉ ስለ አንቀጽ 39 አይደለም። ነገሩ የተበላሸው ግን ከስድቡ በፊት ነው። በአንድ ትንፋሽ የተባለው ነገር ሦስት ነው፤ አንዱ ፍሬ ነገር፣ አንዱ ሕግ፣ አንዱ ምርጫ። ሦስቱ የሚጣሩበት መንገድ ለየቅል ነው።

«የትም የለም» የፍሬ ነገር ጉዳይ ስለሆነ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. የ1977 የሶቪየት ኅብረት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 ሪፐብሊኮቹ ከኅብረቱ በነፃ የመውጣት መብት እንዳላቸው ይናገር ነበር። የፈረሰ አገር አትጥቀሱብኝ የሚል ካለ፣ በካሪቢያን ባሕር ሴንት ኪትስና ኔቪስ የምትባል ትንሽ አገር አለች። ሕገ መንግሥቷ ለኔቪስ ደሴት የመገንጠል መብት ሰጥቶ በሕዝበ ውሳኔ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 ተሞክሮ 62 በመቶ ገደማ ደገፈው፤ ሁለት ሦስተኛው ስላልሞላ ደሴቲቱ ዛሬም እዚያው ናት። እንግዲህ «ብርቅ ነው» ቢባል ያስኬዳል፣ «የለም» ግን አያስኬድም። ሰውየው ቃሉን ወደ «ብርቅ» ካወረደ ይበቃል፤ «አየህ!» እያሉ መጨቅጨቅ ሁለተኛውን ነጥብ ያበላሻል።

«ነገ ተነስቶ» የሚለው ደግሞ የሕግ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ንባብ ነው። ንዑስ አንቀጽ 4 አምስት ነገር ይጠይቃል። ጥያቄው በብሔሩ የሕግ አውጭ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ በሕዝበ ውሳኔው አብላጫ ድምፅ ይደግፈዋል፤ ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይተላለፋል፤ በመጨረሻ ንብረት በሕግ ይከፋፈላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንቀጽ 47ን ከዚህ ጋር ሲያቀላቅል ነው። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደው፣ ክልል የመሆን ጥያቄ ነበር፤ እሱ በአንቀጽ 47 የሚመራ ሆኖ የጊዜ ገደቡም አንድ ዓመት ነው። ክልል መሆንንና መገንጠልን በአንድ ስም የሚጠራ ተከራካሪ ካጋጠማችሁ፣ ሁለቱን ሳትለዩለት አንድ እርምጃ ወደፊት አትሂዱ።

«ይሰረዝ» ምርጫ ነው። ምርጫ ማስረጃ አይቀርብበትም፣ መንገዱ ግን ይጠየቃል። አንቀጽ 39 ያለው በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው፤ ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል አንቀጽ 105 የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች አብላጫ ድምፅ፣ የተወካዮች ምክር ቤትን ሁለት ሦስተኛና የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል። ከክልሎች አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው «ይሰረዝ ሲሉ በዚህ መንገድ ነው ወይስ በሌላ?» ነው። እውነተኛው ልዩነት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሰዓትም መዋል የነበረበት እዚህ ላይ ነበር።

ፍርድ ቤት ይህን ሥራ «ጭብጥ መያዝ» ይለዋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 246 ጀምሮ እንደሚያዘው፣ ዳኛው ወደ ማስረጃ ከመግባቱ በፊት አንዱ ወገን አለ ያለውንና ሌላው የካደውን ነጥብ ይለያል፤ የፍሬ ነገር ጭብጥና የሕግ ጭብጥም ለየብቻ ናቸው። የታመነ ነገር ጭብጥ አይሆንም። ይህችን አንዷን ብቻ ከችሎት ወስዶ ቡና ቤት ማስገባት ቢቻል ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር፤ ሰው የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ያኛው ባልካደው ነገር ላይ ነውና።

አያቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት ያደርጉት የነበረው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሙግቱ ቅኔና ከዘራ የሚወዛወዝበት ትርኢት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሥርዓት ነበረው። ተጠያቂው ለተጠየቀው ሳይመልስ ወደ ሌላ አይዘልም። ነጥቡ ሲጠብ ውርርድ ይገባል፣ ማር ወይም በቅሎ ወይም ፈረስ፤ የሚወራረድ ሰው ደግሞ በምን ላይ እንደተወራረደ አጥርቶ ማወቅ አለበት። መንገደኛ እንኳ ቆሞ እንዲዳኝ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ በቅሎ የሚያስይዝ የለም፤ የውርርዱን ሥራ ግን አንድ ጥያቄ ይሠራዋል፦ «ምን ቢቀርብልዎ ሐሳብዎን ይቀይራሉ?» መልሱ «አዋጁን ካሳየኸኝ» ከሆነ ክርክር አለ። «ምንም» ከሆነ ሰውየው ስብከት ላይ ነው፤ ስብከት ደግሞ በአሜን ነው የሚያልቅ።

የማስረዳት ሸክሙም የታወቀ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ግዴታ አለ የሚለው ወገን መኖሩን ያስረዳ፣ ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚለውም ያንኑ ያስረዳ ይላል። የተጻፈው ለውል ነው፤ ለወሬም ይሠራል። «አለመሆኑን አስረዳኝ» ለሚል ሰው መልሱ «አለ ያሉት እርስዎ ነዎት» ነው።

ሕግ ላይ ከሚፈጠረው ጠብ ገሚሱ የቀን መቁጠሪያ ጠብ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ በአማርኛ 1185/2012 ነው፣ በእንግሊዝኛው 1185/2020። ሁለት ሰዎች አንዱን አዋጅ ይዘው «የድሮውን ነው የምትጠቅሰው» እየተባባሉ ይጣሉበታል። ቁጥሩን እንጂ ዓመቱን አትመኑ። ስትጠቅሱም አዋጅ ቁጥር፣ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ ብላችሁ እስከ ፊደሉ ውረዱ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል፤ ሲጣሉ ግን አማርኛው ይበልጣል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 106 ለአማርኛው ቅጂ የመጨረሻውን ቃል ሰጥቷል። ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ይዘው ሲሟገቱ ይህችን ቀስ ብሎ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት የሞተ ሕግ መጥቀስ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አዋጅ 25/1988 ዛሬም የሚጠቅስ ሞልቷል፤ እሱ በ1234/2013 ተሽሯል። የአዲስ አዋጅ መጨረሻ ገጾች «የተሻሩ ሕጎች» የሚል አንቀጽ ስላላቸው ከዚያ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል። አንቀጹን አንብቦ መጨረስም አይበቃም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም ሌሎቹን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ፣ አንቀጹ የሚለውና የሚሠራበት ሊለያዩ ይችላሉ። አንቀጽ 47ን ራሱን ተመልከቱት። ዘጠኝ ክልል ይዘረዝራል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በተጨመሩት ዛሬ ያሉን 12 ናቸው። «አንብቤያለሁ፣ ዘጠኝ ነው» ያለው ሰው አልዋሸም፣ ንዑስ አንቀጽ 2ና 3ን ሳይደርስ ነው የቆመው።

ሳይንሱ ላይ ስሕተቱ የመለኪያ ነው። የዓባይን ጉዳይ ውሰዱ፤ 74 የሚባል ቁጥር አለ። የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን በተፈራረሙት ስምምነት ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ተደልድሏል፤ ይደምሩት፣ 74 ይመጣል። ከዚህ አጋጣሚ ተነስቶ «ግድቡ የሁለቱን አገር ውሃ ሙሉ በሙሉ ወሰደው» የሚል ሰው እጅግ ብዙ ነው። የመጀመሪያው 74 የጋን ልክ ነው፤ አንዴ ከሞላ የሚመጣው ያልፋል። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚታደስ ድርሻ ነው። ጥቁር ዓባይ በድንበሩ በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ያህል ስለሚያልፍ፣ ሐይቁ የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ገደማ ይይዛል ማለት ነው፤ የተሞላውም በአንድ ክረምት አልነበረም። ስምምነቱን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ የሕግ ነው፤ ኢትዮጵያ አልፈረመችበትም፣ የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 34ም ስምምነት ያልተስማማን ሦስተኛ አገር እንደማያስገድድ ይናገራል። በዚህ ግን የግብፅ ጭንቀት ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ተከታታይ ድርቅ ቢመጣ ከሐይቁ ምን ያህል ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ የእኛ ሰው ይህን ሲክድ የያዘውን ጥሩ ክርክር በእጁ ያበላሻል።

ሌላው «5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ የሚያመነጨው ሲሶውን ነው፣ ተታለልን» የሚለው ነው። ስሌቱን አብራችሁ ሥሩት። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያለማቋረጥ ቢሠራ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ከግድቡ በዓመት የሚጠበቀው 15,700 ገደማ ነው፣ 35 በመቶ ማለት ነው። ሲሶ ያለው ሰው አልተሳሳተም! የተሳሳተው ይህን የማሽን ድክመት ሲያደርገው ነው። የውሃ ተርባይን በውስጡ ካለፈው ውሃ ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ይለውጣል። 35ቱ የሚናገረው ወንዙ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደማይፈስና ተርባይኖቹ የተመጠኑት ለከፍተኛው ሰዓት መሆኑን ነው። ይህን ያህል ተርባይን መትከል ያዋጣ ነበር ወይ የሚለው ጥሩ የምሕንድስና ክርክር ይወጣዋል። ሜጋ ዋትና ሜጋ ዋት ሰዓትን ሳይለዩ ግን እዚያ አይደረስም።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ «ግድቡ ነው ያመጣው» የተባለውም እንዲሁ ነው። እንዲህ ላለው ሰው «ቅዠት!» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ፍሬ አለው። ትልቅ ሐይቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ በሕንድ ኮይና ግድብ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1967 የደረሰው የታወቀ ምሳሌ ነው። ፍሬውን አምኖ ርቀቱን መጠየቅ ይሻላል። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ የሚነሣው በሐይቁ ሥርና ዙሪያ ነው፤ ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ፈንታሌ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ፈንታሌም ያለው ስምጥ ሸለቆው ላይ ሆኖ ከሥሩ ቅልጥ አለት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው። እግረ መንገዱን «መጠኑ 5 የሆነና 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ብዙም አይለያዩም» ለሚልም፣ አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ገደማ እንደሚያድግ መንገር ነው።

አሁን ስለ አነጋገር። ከማያውቁት ሰው ጋር «እርስዎ» ይበጃል። ከአክብሮቱ በላይ አንድ ተግባራዊ ጥቅም አለው፤ ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት ካላወቃችሁ «አንተ» ብሎ ጀምሮ «አንቺ» መሆኗ ሲታወቅ የሚመጣውን ኀፍረት ያስቀራል። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረዱባት ሰከንድ ክርክሩ የሞተባት ሰከንድ ናት፤ ወደ ኋላ ብትመለከቱ ትገኛለች። ከ«ወንድሜ» እና ከ«ወዳጄ»ም ተጠንቀቁ፤ በክርክር መካከል ሲመጡ ዱላ ከማንሣት አይሻሉም።

«የአባትህ ስም ማነው?» ሲባል ደግሞ የሚጠየቀው ዘር እንጂ ስም አይደለም። ብትመልሱም ብትቆጡም ጭብጡ ከአንቀጹ ወደ ተናጋሪው ዞሯል። ደረቅ መልስ ይሻላል፦ «ንዑስ አንቀጽ 4ን ያነበበው ሰው አባት ማንም ቢሆን ንባቡ ያው ነው፤ ይመልሱልኝ።» ሰውየው ዘሎ ወደ ሌላ ርእስ ሲሄድ፣ ለምሳሌ ከግድቡ ወደ ኑሮ ውድነት፣ አትከተሉት፤ አዲሱን ርእስ «በኋላ» ብላችሁ አስመዝግቡና የመጀመሪያውን ድገሙ። ሁለት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ካልመለሰ፣ በአጠገብ ያለው ሰሚ አይቶታል። መንገደኛውን ዳኛ አትርሱት፤ የምትናገሩት ለእሱ ነው፣ ተከራካሪያችሁ እዚያው ቆሞ ሐሳቡን ሲቀይር ማየት ብርቅ ነውና።

ስትሳሳቱ የምትሉት አጭር ይሁን፦ «25/1988 ብዬ ነበር፤ ተሽሯል፣ 1234/2013 ነው፤ የቀረው ነጥቤ እንዳለ ነው።» የተሳሳታችሁትን ቁጥር በስሙ ጥሩት፣ «ቢሆንም» አትጨምሩበት፣ ያልተሳሳታችሁበትንም በይቅርታ ብዛት አብራችሁ አትጣሉ። ከዚያ ተራው የእሱ ነው።