ነፍሱን ይማር

ዛሬ ጅማ፣ ሄርማታ ልብስ ሰፊው ጋ ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። አንዲት እናት «ፓኪስታን በክርስቲያኖች ላይ የሚደርሰውን ስሰማ አንጀቴ ያራል» አሉ። ልብስ ሰፊው ሙስሊም ነው። ፔዳሉን አቆመ።

«እማማ፣ አሲያ ቢቢን ያውቋታል?»

ፓኪስታናዊት ክርስቲያን ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ማሳ ላይ ፍሬ ስትለቅም ከሙስሊም የሥራ ጓደኞቿ ጋር በመጠጫ ውሃ ተጣላች። ክርስቲያን በነካው ዕቃ አንጠጣም ተባለች። ጭቅጭቁ «ነቢዩን ተሳድባለች» ወደሚል ክስ ዞረ። እሷ ብትክድም በ2010 ሞት ተፈረደባት። ነፃ የተባለችው በ2018 ነው።

ይሄን እኔም ሰምቼዋለሁ። እሱ ግን ታሪኩን በሌላ ጫፍ ነው የያዘው። የፑንጃብ አገረ ገዥ ሳልማን ታሲር ሙስሊም ነበር። እስር ቤት ድረስ ሄዶ ጠየቃት። ነቢዩን መሳደብን በሞት የሚቀጣው ሕግ ይሻሻል አለ። በ2011 መጀመሪያ የገዛ ጠባቂው ተኩሶ ገደለው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረላት ጠበቃም ሙስሊም ነው።

እናትየው ማተባቸውን ያዝ አድርገው «ነፍሱን ይማር» አሉ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላረማቸውም። ልብስ ሰፊው «አሚን» ብሎ ስፌቱን ቀጠለ።

እኛ ግን (ፌስቡክ ላይ የማየውን ነው የምለው) የምንጮኸው ለየወገናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700 ሺህ በላይ ሮሂንጋ ሙስሊሞች ከምያንማር ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ የለጠፉት ሙስሊም ጓደኞቼ ናቸው። ጎረቤታችን ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአራት እምነቶች በቀር ሌላውን ስታግድ ደግሞ ጉዳዩ የጴንጤዎች ብቻ ሆነ።

ለሮሂንጋ የሚጸልይ ማኅበር፣ ኤርትራ ለታሰረ ጴንጤ ዱዓ የሚያደርግ መስጊድ ጅማ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ቡናው በኔ ነው።