ወድቆ የሚነሳ ክንፍ፦ ለገመድ በረራ መለማመጃ የሚሆን ፎም ፍለጋ

በገመድ የሚበር ሞዴል አውሮፕላን፣ ማለትም አብራሪው መሃል ቆሞ በእጀታ በያዛቸው ሁለት ገመዶች እየመራ በዙሪያው የሚያበረውን፣ ለመጀመር ለምታስቡ፣ ጠንካራ መለማመጃ ስፈልግ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የዚህ በረራ ችግሩ ጊዜ አለመስጠቱ ነው። ርዝመቱ 16 ሜትር በሆነ ገመድ ላይ በሰከንድ 20 ሜትር የሚሄድ አውሮፕላን አንድ ዙር የሚጨርሰው በ5 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ያውም ጀማሪው ከመሬት ብዙም ሳያርቀው። እጅ ትንሽ ከተደናገጠ አፍንጫው መሬት ገባ ማለት ነው። ስለዚህ መለማመጃ ስትመርጡ እንደሚወድቅ አውቃችሁ ምረጡ። የባልሳ እንጨት አውሮፕላን አየር ላይ ሲታይ ያምራል፣ እኔም አንድ ቀን እሠራዋለሁ። አሁን ግን የሚያስፈልገኝ ከጥገና ይልቅ በበረራ ላይ የማሳልፈው ጊዜ ነው።

ፎም ሁሉ አንድ አይደለም። ዕቃ የሚታሸግበት ነጩ፣ ሲሰበር ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚበተነው ኢፒኤስ፣ ቀላልና በጋለ ሽቦ ለመቁረጥ የሚመች ነው። ነገር ግን ከተሰነጠቀ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ቤንዚን፣ አሴቶን፣ ተራው ሱፐር ግሉ ሳይቀር ያሟሟዋል። ኢፒፒ የሚባለው ሌላ ነው። በመኪና መከላከያ ውስጥ ግጭት እንዲውጥ የሚገባው እሱ ነው፤ ስትጨብጡት እንደ ስፖንጅ ይገባና ተመልሶ ይነሳል፤ ሱፐር ግሉም አያሟሟውም። ለክንፍ እሱን መርጫለሁ፣ ሌላውን ለጀማሪ አልመክርም።

ድክመቱ መልፈስፈሱ ነው። ብቻውን ክንፍ ቢሆን አየር ላይ ይጣመማል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የካርቦን ቱቦ አስገባሁበት፤ የፊት ጠርዙንም ክር ባለው ፕላስተር ሸፈንኩት። ክብደቱ አያሳስብም፦ 90 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲሜትር ስፋትና በአማካይ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ክንፍ፣ በኪዩቢክ ሜትር 20 ኪሎ ከሚመዝነው ኢፒፒ ሲሠራ ፎሙ ብቻውን ወደ 70 ግራም ነው።

ከሁሉም በላይ ብዙ ያሰብኩበት የገመዱ ጉተታ የት እንደሚያርፍ ነው። የ600 ግራም አውሮፕላን ከላይ በጠቀስኩት ፍጥነትና ገመድ ሲዞር 15 ኒውተን ያህል ይጎትታል፤ አንድ ኪሎ ተኩል የሚያህል ዕቃ ከእጃችሁ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ማለት ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ጉልበት ፎም እንዲሸከም መተው አይገባም። ሁለቱ ገመዶች የሚያያዙበትና ወደ ኤለቬተሩ (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች ወደሚመራው የጭራ ክፍል) ዘንግ እንቅስቃሴ የሚያስተላልፈው ቤልክራንክ የተቀመጠው ኮምፔንሳቶ ላይ ነው፤ ኮምፔንሳቶውም ከካርቦን ቱቦውና ከአካሉ ጋር በኢፖክሲ ማጣበቂያ ተያይዟል። የብሎኑ ዳዶ እንዳይፈታ የሚቆልፍ ዓይነት ይሁን። ከበረራ በፊት አንድ ሰው አውሮፕላኑን ይዞ፣ እኔ በእጀታው በኩል በክብደቱ አሥር እጥፍ፣ ማለትም በ6 ኪሎ፣ እጎትተዋለሁ። የሚላቀቅ ነገር ካለ እዚያው መሬት ላይ ይላቀቅ።

ሞተሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጊዜ ቆጣሪው ሲያበቃ ራሱ ያጠፋዋል። የሞተሩን ማቀፊያ ያሰርኩት በናይለን ብሎን ነው፤ ሲወድቅ ብሎኑ ተበጥሶ ማቀፊያውንና የሞተሩን ዘንግ ያድናል። ይህችን ትንሽ ነገር በጣም ወድጃታለሁ።

የክብደት ማዕከሉን ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ፤ አፍንጫው ከበድ ሲል አውሮፕላኑ ይረጋጋል። ገመዶቹ ከክንፉ የሚወጡት ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ አፍንጫው በትንሹ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ገመዱ ይወጠራል። የውጭው ክንፍ ጫፍ ላይም ለገመዶቹ ክብደት ማካካሻ የሚሆን ትንሽ እርሳስ አለ። የኤለቬተሩን እንቅስቃሴ ለመቀነስ ዘንጉን በኤለቬተሩ ቀንድ (ዘንጉ በሚያያዝበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ላይ ከኤለቬተሩ በጣም በራቀው ቀዳዳ አስገባሁት። ክንድ ቀጥ ብሎ ከትከሻ ሲንቀሳቀስ፣ የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ፣ በረራው ወዲያው ይለሰልሳል። ዓይንም አውሮፕላኑ ላይ ብቻ ሲሆን ራስ ማዞሩ ይቀንሳል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበል፦ ገመዱ ብረት ከሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከኤሌክትሪክ መስመር በጣም ራቁ፤ የመብረቅ ምልክት ሲኖርም አታብርሩ።

አሁን ቀጥ ያለ ዙር፣ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ ተለምዷል። በቅርቡ ንፋስ ገመዱን አላልቶት በክንፉ ጫፍ ወደቀ። የተጨፈለቀው ፎም ተመልሶ ተነሳ፤ የተላጠውን ፕላስተር ቀይሬ የጉተታ ሙከራውን ደገምኩና በዚያው ከሰዓት አበረርኩት። ቀጥሎ የማስበው ሉፕ ነው፤ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተገልብጦ ክብ የሚሠራበት። ለእሱ ወፈር ያለ ክንፍና የኤለቬተሩን ዘንግ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ክንፉን መቁረጥ ጀምሬአለሁ። ከእናንተ ውስጥ በኢፒፒ ክንፍ ሉፕ የሠራ ካለ፣ ስንት ሴንቲሜትር ውፍረት እንደተጠቀመ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።