«መያዣ ይፈልጋሉ?»

ዓርብ ማታ፣ ባሕር ዳር

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ዘይት፣ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ፓስታና ለልጆቹ ብስኩት ያዝኩ። ልከፍል ስል ካሸሯ «መያዣ ይፈልጋሉ? የወረቀቱ 10 ብር ነው» አለችኝ። የጨርቅ ቦርሳዬን ቤት ረስቼዋለሁ። እጄ ወደ ወረቀቱ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። «ይቅር» አልኳት። ሳሙናውንና ብስኩቱን የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ፓስታውን በብብቴ፣ ዘይቱን በእጄ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ሾፌሩ የጠራውን ሒሳብ ሳልከራከር ከፈልኩ። ከ10 ብር ስንት እጥፍ እንደሆነ እንኳ አላሰብኩትም። ቤት ገብቼ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ነው ነገሩ የገረመኝ። ለባጃጁ ያልሳሳሁ ሰው ለመያዣው ለምን ሳሳሁ?

ይህ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመላለስብኝ ቆይቷል። ዛሬ ልጻፈው።

ያ ሱፐርማርኬት ድሮ ፌስታል በነፃ ነበር የሚሰጠው። አሰጣጡም የጉድ ነበር። ሳሙና ለብቻው፣ ዳቦ ለብቻው፣ ዘይቱ እንዳይፈስ በሁለት ተደርቦ። ዕቃ የሚከትልን ልጅ እጁ ፈጣን ስለነበር «አንድ ይበቃኛል» ለማለት ጊዜ አናገኝም። ቤት ስንደርስ ፌስታሎቹን አጣጥፈን ከኩሽና በር ጀርባ በተሰቀለ ትልቅ ፌስታል ውስጥ እንጠቀጥቃለን። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ቤት ያ ፌስታል የሞላው ፌስታል ነበር።

አንድ ጊዜ ታዲያ ባለቤቶቹ ወረቀት ለጠፉ። «መያዣ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ የ5 ብር ቅናሽ።» ወረቀቱ ለወራት እዚያው ከረመ። በሄድኩ ቁጥር አነበዋለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። ግን አንድም ቀን መያዣ ይዤ አልሄድኩም። ከፊቴ የሚሰለፉትም ባዶ እጃቸውን ነበር የሚመጡት።

ከዚያ ወረቀቱ ተነሣና ሌላ ተለጠፈ። «ፌስታል 5 ብር።» ያው 5 ብር ነው፤ የዞረው አቅጣጫው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው አጉረመረመ። «ፌስታልም ይሸጥ ጀመር?» አሉ አንድ አባት፣ ተቆጥተውም ከፈሉ። በሳምንቱ እሳቸውን እዚያው አገኘኋቸው። ከኮታቸው ኪስ በደንብ የታጠፈ አሮጌ ፌስታል አወጡና ዳቧቸውን ከተቱበት። አንዱ ወጣት ሁለት ጠርሙስ ውኃውን በጣቶቹ መሀል ይዞ ወጣ። አንዲት እናት ዱቄቷን ለልጇ አሸከመቻት። እኔም በሦስተኛው ሳምንት ከቁም ሣጥን ሥር የጨርቅ ቦርሳ ፈልጌ አወጣሁ።

ይህ የእኛ ሰፈር ጠባይ ብቻ አለመሆኑን በኋላ ሳነብ አወቅሁ። አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአንድ መያዣ 5 ሳንቲም ታስከፍላለች። አብዛኛው ገንዘብ አናኮስቲያ የሚባለውን ወንዟን ለማጽዳት ነው የሚውለው። አጠገቧ ያለው ሞንትጎመሪ የሚባለው አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2012 ተከተላት። ታቲያና ሆሞኖፍ የተባለች ኢኮኖሚስት እዚያ አካባቢ ያሉ መደብሮች ውስጥ ሸማቹን አጠናች። ከመደብሮቹ አንዳንዶቹ መያዣ ይዞ ለሚመጣ ሰው 5 ሳንቲም ይመልሱ ነበር። ልክ እንደ እኛ ሱፐርማርኬት ቅናሽ ማለት ነው። ያ ቅናሽ ምንም ለውጥ አላመጣም ማለት ይቻላል። ክፍያው ግን ከ100 ሸማች ከ40 በላይ የሚሆነውን የመደብሩን መያዣ አስተወው። ገንዘቡ በሁለቱም በኩል 5 ሳንቲም ነው።

ሳነበው ያ ወረቀት ከነማጣበቂያው ትዝ አለኝ።

ምሁራኑ ለዚህ ምክንያት አላቸው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት፣ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይከብደዋል። ከኪሴ የሚወጣው 5 ብር ወደ ኪሴ ከሚገባው 5 ብር ይበልጥብኛል ማለት ነው። እውነት ነው፣ በራሴ አይቼዋለሁ። ለእኔ ግን ከብሩም በላይ የሠራው ጥያቄው ነው። ድሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ፌስታሉ እንደ ደረሰኙ ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣል። አሁን ካሸሯ ቀና ብላ አይታኝ «ይፈልጋሉ?» ትለኛለች። መልስ መስጠት አለብኝ። «አዎ» ለማለት እንደምፈልገው ማወቅ አለብኝ። ብዙውን ጊዜ ደግሞ አልፈልገውም። ለሁለት ሳሙና ምን ያደርግልኛል? ያን ሁሉ ዓመት የወሰድኩት ስለምፈልገው ሳይሆን ስላልተጠየቅሁ ነው።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ለአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም ማስከፈል ስትጀምር አንድ ሰው በዓመት 328 ያህል ፌስታል ይጠቀም ነበር ይባላል። ከዚያ ወደ 21 ወረደ። በ15 ሳንቲም የደኸየ አየርላንዳዊ ያለ አይመስለኝም። ተጠየቁ፣ መለሱ።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ለእማዬ አጫወትኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እኛ ዘንድ ፌስታል መቼ በነፃ ሆኖ ያውቃል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቅዳሜ ገበያ ፌስታል በነፃ አይገኝም ነበር። ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ቲማቲሙን መዝና ወደ መያዣሽ ትገለብጥልሻለች። መያዣ ከሌለሽ በየመደቡ መሀል «ፌስታል! ፌስታል!» እያሉ ከሚዞሩት ልጆች ትገዣለሽ። ስለዚህ እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ዘንቢሏን ይዛ ነው ገበያ የምትወጣው። ከታች ድንች፣ በላዩ ሽንኩርት፣ ከዚያ ቃሪያ፣ ከላይ ጎመን። ለበርበሬና ለሽሮ የራሳቸው የጨርቅ ከረጢት አላቸው፣ አፋቸው በክር የሚታሰር። በዚያው ዕድሜ እኔ አስፋልቱን ተሻግሬ ሱፐርማርኬት እገባና አራት ፌስታል አንጠልጥዬ እወጣለሁ። በኑሮ የምሻለው እኔ ነበርኩ፤ በነፃ የሚሰጠኝም እኔ ነበርኩ። በጣም ያሳፈረኝ ይሄ ነው። ክፍያው ድሃውን ይጎዳል የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን እኔ እንዳየሁት ጉልት የሚገበያየው ሰው ድሮም ሲከፍል ነው የኖረው።

ስለ ልጆቹ ግን መልስ የለኝም። ከመካከላቸው አንዱ እማዬን ያውቃት ነበር። «እማማ፣ ዛሬስ አይገዙኝም?» ይላታል። «ዘንቢል አለኝ የኔ ልጅ» ትለዋለች፤ ግን አንዳንዴ ትገዛውና ፌስታሉን አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ትከተዋለች። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሱፐርማርኬታችንም ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ወረቀት የዞረው። ልጁን ባለፈው ወር አየሁት፤ ሶፍትና ማስቲካ ይዞ ይዞራል። ፌስታል ሲሸጥ ከነበረው በላይ ያገኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አይ» እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

አዋጅ ሲወጣ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅም 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ቀጭን ፌስታል የሚመለከት አንቀጽ ነበረው። ቀጭኑ ፌስታል ግን ከዚያም በኋላ ዓመታት አብሮን ኖረ። የአሁኑ እንዲሠራ ከልቤ እመኛለሁ። አዋጁን እኔ አላነበብኩትም፤ አብዛኛው ጎረቤቴም አላነበበውም። «10 ብር ነው» የሚለውን ግን ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ የሚገባው ጣና ዳር የኖረ ሰው ነው። ከተማችን ሜዳ ናት። ክረምት ሲገባ ውኃው በየቦዩ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አንድ ቦይ በፌስታል ከተደፈነ መንገዱ ሐይቅ ይሆናል። ከቦዩ ያመለጠው ደግሞ ጣና ይገባል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት ጠዋት በዳርቻው ስሄድ ደንገሉ ግንድ ላይ ተጠምጥመው የቀሩ ሰማያዊና ጥቁር ፌስታሎች አያለሁ። ነፋስ ሲነካቸው ከሩቅ ወፍ ይመስላሉ። ያ ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ነው፤ አንዳንዱ አሣም የሚራባው ደንገሉ ባለበት ዳር ዳሩን ነው።

እንቦጭ ሐይቁ ላይ የታየ ሰሞን ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ስንት ሰው ከየገጠሩና ከየከተማው መጥቶ በእጁ ነቀለ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ። እኔም አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ሄጃለሁ። ስንጨርስ ምሳ በላን፤ ምሳው የመጣው በፌስታል ነበር። ነፋስ አንዱን አንሥቶ ወደ ውኃው ወሰደው። ማንም አልተከተለውም። እኔም አልተከተልኩትም። ያ ፌስታል እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ ሲመዘግበው ደስ ብሎን ነበር። መዝገቡ ግን ፌስታል አይለቅምም።

የአጎቴ ላም ነገርም አለ። ከሳች፣ መብላት አቆመች፣ በመጨረሻ ታረደች። ሆዷ ሲከፈት እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል ወጣ። አጎቴ ያን ቀን ሥጋውን አልቀመሰም።

አሁን አንዳንድ ጊዜ የምፈራው ክፍያው እንዳይለመድ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ስትጀምር የፌስታሉ አጠቃቀም በጣም ቀንሶ ነበር። ከዚያ ዋጋው ተቀነሰ፤ ሰዉም ክፍያውን ለመደውና ተመልሶ መውሰድ ጀመረ። እኛ ዘንድ ደግሞ ማንም ሳይቀንሰው ብሩ ራሱ ይቀንሳል። የዛሬ ሁለት ዓመት 5 ብር የነበረው ዛሬ ያንኑ 5 ብር አይሆንም። የዛሬዋ ካሸር ቀና ብላ ባትጠይቀኝ፣ 10 ብሩን ከሒሳቡ ጋር ደምራ ዝም ብትል፣ ምናልባት ሳላየው እከፍል ነበር። ዋጋው በኑሮው ልክ ከፍ ይበል ባይ ነኝ። ከዚያም በላይ ግን ጥያቄው እንዳይቀር እፈልጋለሁ።

የጨርቅ ቦርሳውንም ቢሆን በጥንቃቄ ነው የማየው። ከበሩ ጀርባ ዛሬ ስቆጥር ሰባት ደርሰዋል። ሦስቱን የገዛሁት የቀድሞውን ረስቼ ስለወጣሁ ነው። ጥጥ ይዘራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ደጋግሜ ካልያዝኩት ከፌስታሉ የተሻለ ነገር አላደረግሁም። የቆሻሻውም ነገር አለ። ድሮ የኩሽናውን ቆሻሻ በዚያ በነፃ ፌስታል ነበር የምንቋጥረው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በፌስታል ፈንታ ሰው ትንንሽ የቆሻሻ ከረጢት በብዛት መግዛት እንደጀመረ አንብቤያለሁ። እኔ የልጣጩን ለብቻው ለጎረቤት በግ እሰጣለሁ፤ ደረቁን ቆሻሻ በቀጥታ ማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ እጨምርና ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆቹ መጥተው ይወስዱታል። በግ የሌለው ጎረቤት ያለው ሰው ምን ያድርግ? እሱንም እያሰብኩበት ነው።

በጣም ያስቸገረኝ አሣ ነው። ቀረሶ ከሐይቁ ወጥቶ፣ ተገፎ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ እንዴት በጨርቅ ይያዛል? እማዬ በልጅነቷ አሣውን በአፉና በጉንጩ በኩል በደንገል ልጥ ሰክተው እያንጠለጠሉ ይገቡ እንደነበር ትነግረኛለች። ባጃጅ ውስጥ ይህን ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ባለክዳን ባልዲ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን አሣ ሻጩ ባልዲውን አይቶ «እህቴ፣ ለስንት ሰው ነው?» አለኝ። ለአራት ነው አልኩት። አሁን ከሩቅ ሲያየኝ ቢላዋውን ያነሣል።

ነገ ቅዳሜ ነው። እማዬ ገበያ እንድንሄድ በጠዋት እደውላለሁ ብላለች፤ ዘንቢሉን በሩ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። የጨርቅ ቦርሳ አንዱን መሥሪያ ቤት የምይዘው ቦርሳ ውስጥ አሁኑኑ ከተትኩት። የባልዲው ክዳን ግን ባለፈው ሳምንት ተሰንጥቋል። ከገበያው መልስ ሌላ ክዳን እፈልጋለሁ፤ ካጣሁም በሳህን ከድኜው እሄዳለሁ።