ስኮርታው አለ

አዳማ ውስጥ አንድ መኪና አከራይ ዘንድ ሹፌር ሆኜ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ወር ነበር። ጠዋት ከግቢ ከመውጣታችን በፊት የምንሞላው ቅጽ አለ። ዘይት፣ ውሃ፣ ፍሬን፣ ክሪክ (መኪና ማንሻው)፣ ስኮርታ (ትርፍ ጎማው)። በየጎናቸው ራይት እያደረግን እንፈርማለን። እኔ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምጨርሰው። ስኮርታው ከኋላ ታስሮ ይታያል። አለ፣ በቃ።

የዚያን ቀን የያዝኩት ለሠርግ ድሬዳዋ የሚሄድ ቤተሰብ ነው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አያት። ወለንጪቲን አለፍን። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን መተሐራ ልንገባ ስንል፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ያ ጥቁር ድንጋይ ጀመረ። ለማያውቀው ሰው ከሰል የተደፋበት እርሻ ይመስላል።

ልጆቹ መስኮት ላይ ተለጠፉ። "አንዴ ፎቶ እንነሳ" አለ አባትየው።

ዳር ይዤ ብቆም ይበቃ ነበር። እኔ ግን አስጎብኚነት አማረኝ። ከአስፋልት ወርጄ፣ ድንጋዩ መሃል የገባችውን ቀጭን መንገድ ያዝኩ።

ደግሞ ማብራራቱ! የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ተራራ በጣቴ እያሳየሁ፣ ከፍታው 2,007 ሜትር መሆኑን ተናገርኩ። ይሄ ድንጋይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 አካባቢ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፣ የወጣውም ከጫፉ ሳይሆን በደቡብ በኩል ከተሰነጠቀ መሬት ነው አልኩ።

እማማ ዣንጥላቸውን እንደዘረጉ አዩት። "ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አፈር እንኳ አልሆነም?"

"ሐይቁ ግን ያድጋል፣ እማማ።" በሰቃ ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። መንገዱን ከፍ ያደረጉት ውሃው እየመጣበት ነው። ይህን እያወራሁ መኪናዋን ለመመለስ ወደ ኋላ ነዳሁ።

ጢስስስ አለ።

የኋላው ግራ ጎማ ጎኑ ተቀዷል፣ ሁለት ጣት ያህል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ጎሚስታም አይለጥፈውም። ስኮርታውን ፈታሁ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ሰመጠ። ጠብታ ንፋስ የለውም። እሱን ትቼ ክሪኩን ብደግን፣ ከስሩ ያለው ልቅ ጠጠር ነውና መኪናዋ በመነሳት ፈንታ ክሪኩ መሬት ገባ።

ፀሐዩን አልነግራችሁም። ጥቁር ድንጋይ ከላይ የተቀበለውን ከታች ይመልሳል። ትንሹ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። እናትየው ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከስድብ ይከብድ ነበር።

ያዳነን አንድ የተሳቢ ሹፌር ነው። ከመኪናው የፍሬን ንፋስ ታንክ ላይ ረጅም ጎማ ቱቦ ስቦ ስኮርታውን ሞላልኝ። ከክሪኩ ስር የሚሆን ጣውላም አወጣ። ጎማውን እያሰርኩ ቆሞ ያየኛል።

"ስኮርታህን መቼ ነው ያየኸው?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ሳቀ። እኔም የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ቅጹ ላይ እንደዚያ ይላል። ገንዘብ ስሰጠው እምቢ አለ። "ለልጆቹ ውሃ ግዛላቸው" ብሎ ሄደ።

ሁለት ሰዓት ተቃጥሏል። ሠርጉ በማግስቱ መሆኑ ነው የጠቀመኝ።

ስመለስ ስምሪት ክፍል ያለው ኃላፊ አልጮኸም። ቅጹን ፊቴ ዘረጋው።

"ይሄ ራይት የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ጎማውም ያንተ ነው።"

ከደሞዜ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ቅጹ ላይ "ስኮርታ" ከሚለው ስር በእስክሪብቶ "ንፋስ" ብዬ እጨምራለሁ፤ መለኪያም ገዝቻለሁ። ጣውላ ከወንበር ስር አለ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛም አዳማ ሌሊት ከእንቅልፋችን ስንነሳ፣ ግቢ ያሉት ልጆች የሳቁት በእኔ ነው። አሁን በስሜ የሚጠራኝ የለም። ጠዋት ተንበርክኬ ስኮርታውን ስለካ፣ ከኋላዬ ተሰልፈው ክላክስ ያደርጋሉ።

"ፈንታሌ! ጨርስና ውጣ!"