ጨርቄን ማቄን ሳንል በአዲስ አበባ ዙሪያ

አከራያችን መስከረም ላይ ደውለው ቤቱን ለልጃቸው እንደሚፈልጉት ነገሩን። አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ደላላ ስናናግር የተጠራልን ኪራይ እስከዛሬ ከምንከፍለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በዚያ ላይ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ተባልን። ማታ እራት ላይ ባለቤቴ «ለጊዜው ቤት ባንከራይስ?» አለኝ።

«የት ልንኖር?»

«እየዞርን። ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ሰበታ። ሥራችን እንደሆነ ላፕቶፕ ላይ ነው።»

እኔ የትናንሽ ሱቆችን ሒሳብ እሠራለሁ፣ እሱ ዲዛይን ይሠራል። መብራትና ኔትወርክ ካለ የትም ሆነን እንሠራለን። አልጋውንና ፍሪጁን እህቴ ጋ አስቀመጥን። ሻንጣችንን ይዘን፣ ጨርቄን ማቄን ሳንል ወጣን። ጉዞ ሲባል ሰው የሚያስበው ላሊበላን ወይ አርባ ምንጭን ነው። እናቴ «ሱሉልታ ደግሞ ሄዶ የሚታየው ምኑ ነው?» አለች። የቀረበ ቦታ የመረጥነው ግን በምክንያት ነው። እኔ እፈራለሁ። ጨለማ፣ የማላውቀው ሰፈር፣ የማላውቀው ሰው ቤት ያስፈራኛል። መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬን ከእጄ መንትፈው ከሮጡ ወዲህ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ አልገኝም ነበር። እሱ ደግሞ የሚፈራው ገንዘብ ማለቁን ነው፤ የአንድ ሻይ ሒሳብ ሳይቀር ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ተስማማን። ካቃተን በማግስቱ እህቴ ቤት እንገባለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮችን ሳንጠይቅ አንነሳም። ከመሸ አንጓዝም።

ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ተነስተን እንጦጦን ተሻገርንና ሱሉልታ ወረድን። ቅርብ ነው፣ ብርዱ ግን ሌላ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በጥቅምት ማታ ጋቢ ደርበህም ይሰማሃል። አልጋ በ500 ብር ያዝን። ከጎኑ ግሮሰሪ አለ፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አላቆመም። የበሩ መቀርቀሪያ አልገጥም ብሎ ባለቤቴ ጠረጴዛውን ጎትቶ በሩ ላይ አስደገፈው። ሙዚቃው ሲያበቃ ውሾቹ ጀመሩ፣ ከውሾቹ በኋላ ጅብ። ጅብ አያትም ይጮሃል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ መስማትና ምድር ቤት፣ ከማይዘጋ በር ጀርባ ሆኖ መስማት ግን አንድ አይደለም። ጫማዬን እንዳደረግሁ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነጋልኝ። ባለቤቴ «ነገ እንመለስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ ብያለሁ።

ጠዋት ዘበኛው ግቢ ውስጥ እሳት እየሞቁ አገኘኋቸው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። «ሌሊቱን ሙሉ መብራትሽ ሲበራ ነበር። አልተኛሽም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ጅቡ አንቺን ብሎ አልመጣም። ሥጋ ቤቶቹ የጣሉትን አጥንት ብሎ ነው። ማታ ነይና አሳይሻለሁ» አሉ። ከዚያ መዶሻ አምጥተው መቀርቀሪያውን ራሳቸው አስተካከሉት። ጉርሻ ብንሰጣቸው አልቀበልም አሉ።

ማታ አምስት ሰዓት ላይ እሳቸው ዱላና ባትሪ ይዘው፣ እኔ የባለቤቴን ክንድ ይዤ፣ እስከ ሥጋ ቤቶቹ ጓሮ ሄድን። ሁለት ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው አስፋልቱን ሲያቋርጡ አየናቸው። ባትሪው ሲያርፍባቸው መንገዳቸውን ቀይረው ወደ ሜዳው ገቡ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው «አየሽ፣ እነሱም ይፈሩሻል» አሉኝ። ያን ሌሊት እየጮሁም እንቅልፍ ወሰደኝ። እንመለስ የሚለው ነገርም በዚያው ቀረ።

ሱሉልታን ከዚያ በኋላ ወደድኳት። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው በሯጮች ይሞላል። ቀነኒሳ በቀለ ያስገነባው የመሮጫ ትራክ ያለው እዚህ ነው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለልምምድ ይመርጡታል። ገና ስማቸው ያልተሰማ፣ ጫማቸው ያለቀ ልጆች ተከታትለው ሲሮጡ ማየት ደስ ይላል። ገበሬው ድርቆሽ አጭዶ ይከምራል። ወተቱን ከላም እንደወረደ ትኩሱን ገዝተን አፍልተን እንጠጣለን። አያት ግን ፊት ለፊታችን ያለው በር ማን እንደሚኖርበት ሳናውቅ ነው ቤቱን የለቀቅነው። እዚህ በሁለተኛው ቀን ወተት የምትሸጠው ልጅ ስሜን ይዛ ትጠራኝ ነበር።

ቡራዩ ሥራ በዝቶብን ከክፍል ሳንወጣ አለፈ። ገፈርሳ ግድብ ዳር አንድ ከሰዓት ተቀምጠን ወፍ ከማየታችን በቀር የምጽፈው የለኝም።

መናገሻ ላይ ያናደደን ነገር አለ። ወደ ሱባ ጫካ የሚያደርሰን ባጃጅ ስንፈልግ አንዱ «500 ብር» አለን። ተስማምተን ወጣን። ስንደርስ «500 ለእያንዳንዳችሁ ነው፣ ሻንጣው ደግሞ ለብቻው» ብሎ ድርቅ አለ። በጣም ተናደድኩ። ብሩ ብቻ አይደለም ያናደደኝ፤ ቦታውን እንደማናውቅ ሲያውቅ ሐሳቡን መቀየሩ ነው። በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከመንገዱ ማዶ ሆና ስትሰማ ቆይታ መጣች። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረችው። አንገቱን ደፍቶ የተስማማንበትን 500 ብር ተቀብሎ ሄደ። «ገለቶሚ» አልኳት፣ የማውቃትን አንዲት ቃል። በቆሎ ገዝተናት ገባን።

ጫካው ንዴቱን አስረሳኝ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከሸገር ይህን ያህል ቀርቦ እንዲህ ያለ ጫካ መኖሩን ሳላውቅ ማደጌ ይቆጨኛል። እኛ ተራራ ስንል ባሕር ዛፍ ነው የምናውቀው። እዚህ ግን ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ነው። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጭ ጭራው እንደ ነጠላ ጫፍ ይውለበለባል። ወደ ወጨጫ ጫፍ ለመውጣት አስጎብኚው «ሦስት ሰዓት» አለን። የፈጀብን አምስት ሰዓት ነው። ጭጋግ ሲወርድብን እንደ ሱሉልታው ሌሊት ያስደነግጠኛል ብዬ ነበር፤ ልቤ ጸጥ ብሎ መራመዴን ያስተዋልኩት ከወረድን በኋላ ነው።

ሆለታ ላይ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተቋቋመውን የገነት ጦር ትምህርት ቤት በውጭ አይተን አለፍን። አልጋው ንጹሕ፣ ኔትወርኩም ጥሩ ስለነበር የተጠራቀመ ሥራ ጨረስንበት። ከዚያ አዲስ ዓለም።

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎሜትር ያህል በምዕራብ ናት። የደረስነው ኅዳር 20 ከሰዓት ነው፤ ማግስቱ ጽዮን ማርያም መሆኗን እያወቅን ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብለን አላሰብንም። መንገዱ በነጭ ለባሽ ተሞልቷል። አልጋ ጠየቅን። የለም። ሌላ ጋ ሄድን፣ ሰው 400 ብር ይከፈልበት ነበር ያለንን ክፍል 1,500 ጠሩልን። ለመወሰን ሻይ ቤት ገብተን ስንመለስ እሱም ተይዟል። መሸ። ባለቤቴ እጁ ላይ የነበረው 180 ብር ነው፤ ሌላው ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው፣ ኔትወርኩ ደግሞ በሰው ብዛት ተጨናንቆ አንድም ክፍያ አልሄድ አለ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። እኔ የምፈራው ጨለማና የእሱ ገንዘብ ማጣት በአንድ ምሽት አንድ ላይ መጡ።

አጥር ሥር ሻንጣ ተደግፈን ቆመን ሳለ አንዲት የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴት በሩን ከፈት አድርገው አዩን። «ለማርያም ነው የመጣችሁት?» አሉ። አዎ አልን። «ታዲያ ደጅ ምን ያቆማችኋል? ኮታ፣ ኑ ግቡ።»

ውስጥ ከእኛ በፊት የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከጊንጪና ከአምቦ የመጡ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ መሪጌታ። ለእኛ መደቡ ጥግ ላይ ጀንዲ ተነጠፈልን። የነቢያት ጾም ስለገባ ሽሮ በትልቅ ትሪ ቀረበ፣ ከዚያ ቡና። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ እንጀራውን እየቆረሰ «እማማ፣ ገንዘቡ ስልኬ ላይ ነው፣ ጠዋት…» ሲል «አንተ ልጅ፣ በጽዮን ሌሊት ስለ ገንዘብ ታወራለህ?» ብለው አጎረሱት። የማላውቃቸው ሰዎች መሀል፣ በማላውቀው ቤት፣ በሩ እንኳን ሳይቆለፍ፣ ድብን ብዬ ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ ከበሮ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ነው። ታሪኩን ጠዋት ከመሪጌታው ሰማን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ ሲቸገሩ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ቤተ መንግሥቱም ተጀመረ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ሲይዝ ሐሳቡ ቀረ፣ የተጀመረውም ለማርያም ተሰጠ። ከተማን ያህል ነገር ጓዙን ጠቅልሎ ሊነሳ የነበረበት ቦታ ቆሜ ሳስበው የእኛ አንድ ክፍል ቤት መልቀቅ ይህን ያህል ያስለቀሰኝ ለምን እንደነበር ገረመኝ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ብር ልንሰጣቸው ብንለምን እማማ አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ ስኳርና ቡና ገዝተን ልጃቸው እጅ ላይ አስቀምጠን ወጣን። ባለቤቴ ደብተሩን ገልጦ የዚያን ቀን ገጽ ላይ ቁጥር አልጻፈም። «አዲስ ዓለም፣ እማማ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ሻይ የሚጽፈው እየቀነሰ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰበታ አቧራና የጭነት መኪና ናት፤ አልወደድኳትም። እዚያ ሳለን እህቴ ሰሚት በኩል ቤት ተገኝቷል ብላ ደወለች። ባለቤቴ ሒሳቡን ደመረ። ለአልጋና ለመንገድ በወር የምናወጣው ከተጠራው ኪራይ አይበልጥም። «ላይሆን ይችላል በላት» አልኩት። ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው የታወቀኝ።

ከዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ ወርደን አሁን ያለነው መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ነው። አዋሽ እዚህ ገና ልጅ ነው፤ ድልድዩ ላይ ቆመህ ድንጋይ ብትወረውር ማዶ ይደርሳል። ቦታው ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎጆ ጎጆ በሆኑት የሙዚየሙ ክፍሎች ውስጥ የጥንት ሰዎች የቀረጿቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አየን፣ ጥቁሩ የባልጪት ባልጩትም አለ። አስጎብኚው ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ ስለተገኙ የእግር ዱካዎች ነገረን። ዕድሜያቸው 700 ሺህ ዓመት ነው። የጉማሬ ዱካ አለ፣ የአዋቂ ሰው ዱካ አለ፣ ከነሱ ጋር የሕፃናት ዱካ አለ፤ አንድ ሁለት ዓመት የሚሆናቸው። ጉማሬ ከሚመላለስበት ውሃ ዳር ልጆቻቸውን ይዘው ይውሉ ነበር ማለት ነው። ባለቤቴ ከዚያ ክፍል አልወጣ አለ። ልጅ ስለመውለድ ስናወራ ሁልጊዜ «መጀመሪያ ቤት ይኑረን፣ ገንዘብ ይኑረን» የሚለው እሱ ነው። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ወሬውን ያነሳው ራሱ ነው። ምን እንደተባባልን እዚህ አልጽፍም፣ ረጅም ወሬ ነበር፣ መልካምም ነበር።

ነገ አዳዲ ማርያምን እናያለን፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለች ናት። ከዚያ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉባት ጢያ ናት። ጢያ ላይ አልጋ ይገኝ እንደሆነ ሾፌሮቹ የሚሉት ይለያያል። በቅርብ ያደረ ካለ ይንገረን፣ ባይገኝም ግን እንሄዳለን።