የኒኬልና የብረት ካታሊስት በኢሪዲየም ፋንታ

ውሃን በኤሌክትሪክ ስንከፍል ብዙ ጉልበት የሚባክነው ኦክስጅን በሚወጣበት በአኖዱ በኩል ነው። ርካሽ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) መፈለግ ያለብን መጀመሪያ እዚያ ነው። በአልካላይ (እንደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ባለ ቤዝ) ውስጥ የኒኬልና የብረት ሃይድሮክሳይድ ውዱን ኢሪዲየም በብቃት ይተካል።

ካታሊስቱ የሚለበጥበትን ኒኬል ፎም (እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ኒኬል) በ3 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለ10 ደቂቃ ያህል አጽዱ፤ ኦክሳይዱ ካልተነሳ ሽፋኑ በቀላሉ ይላጣል። በተጣራ ውሃ ካለቀለቃችሁት በኋላ የኒኬልና የብረት ናይትሬት እያንዳንዳቸው 3 ሚሊሞላር በሆኑበት ብጥብጥ ውስጥ፣ ቮልቴጅ ለመለኪያ ማነጻጸሪያ ከሚሆነው ከሲልቨር/ሲልቨር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ አንጻር በኔጌቲቭ 1 ቮልት ለ300 ሰከንድ ለብጡት። ናይትሬቱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ፎሙ አጠገብ አልካላይ ይፈጠራል፤ ሃይድሮክሳይዱም እዚያው ይለጠፋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ካታሊስቱን ከንጹህ ኒኬል ጋር የሚያነጻጽረው ፍተሻ ነው። በገበያ ያለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጥቂት ብረት አያጣም። ንጹህ ኒኬል ያንን ብረት ይስብና ያለ ችሎታው ጎበዝ ይመስላል፤ ስለዚህ ለንጽጽር የሚውለው አልካላይ አስቀድሞ ከብረት መጣራት አለበት።